የሰፈራችን የእሳት ሚኒስትር

ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ እጁን የሚያሞቅና እሳቱን የሚነካካ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰላማዊ ፍጡር ነው። ሁለተኛው ግን ገና ከመቀመጡ ዓይኑ እንጨቱ ላይ ይተከላል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያም “ማነው ደግሞ እንዲህ አድርጎ የደረደረው?” ይላል። ከዚህች ጥያቄ በኋላ ባለቤቱ እንግዳ፣ እንግዳው ባለቤት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እናንተ ዘንድ ከሌለ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

የኛ ሰፈሯ ሴትዮ ግን ከተራ ነካኪ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ከጀርባ “ክብርት የእሳት ሚኒስትር” እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት “እትዬ” ብለን አንገታችንን እንደፋለን። የሳቸውና የኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሣ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ “ይማርዎ” እላለሁ፤ እሳቸውም “ያኑርህ” ይሉኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ዕቃዬን ጭኜ የመጣሁ ቀን፣ አልጋዬን እንኳ ሳልዘረጋ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ ከየት እንደመጣሁም አልጠየቁኝም። በቀጥታ ወደ ምድጃዬ ሄደው ጎንበስ አሉ።

“ተው ተው ተው! እሳት እንዲህ አይያዝም!”

እዚያው ተንበርክከው የጨመርኩትን እንጨት ሁሉ አወጡት። ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ አድርገው ደረደሩና ከአናቱ ለኮሱት። እኔ እሳት ከታች እንደሚለኮስ ነበር ዕድሜ ልኬን የማውቀው። “እሳት እኮ ሰው ነው ልጄ፣ ትንፋሽ ይፈልጋል” አሉና ጉልበታቸውን አራግፈው ወጡ። እሳቱ ደግሞ ያለ አንዲት ጭስ ተንቦገቦገ። የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ሁልጊዜም ልክ ናቸው።

ዳቦ ጋጋሪው ከሩቅ ሲያያቸው የመጋገሪያውን በር ከውስጥ ይቀረቅራል። አንዴ ለሆነ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደው ሰልፍ ላይ ሳሉ የዘበኞቹ ክፍል ምድጃ ሲጨስ አዩ። ወረፋቸውን ጥለው ገቡ፤ አመዱን አስወጡ፣ ቱቦውን አስነኳኩ፣ ሁለት ዘበኞችን ውሃ ቀጠነ ብለው ተቆጡ። ሲወጡ ወረፋቸው ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር። “ጉዳይዎስ እትዬ?” ስላቸው “ነገ አለ አይደል? ሰዎቹ ግን በጭስ ሊያልቁ ነበር” አሉኝ።

የራሳቸው ምድጃ ታሪክ አለው። ባለቤታቸው ጋሼ ግንበኛ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ከሚሠሩባቸው ሕንፃዎች የተረፈ ጡብ እየለመኑ፣ አንድ አንድ እያሉ ይዘው እየገቡ የገነቡላቸው ነው። እትዬ እንግዳ ሲመጣ ጡቦቹን እንደ ልጆቻቸው ያስተዋውቃሉ። “ይቺ ከትምህርት ቤቱ ናት። ይቺ ከባንኩ። ይቺ ዳር የተሸረፈችው የሆስፒታሉ ናት፤ እሷን ሲያመጣ ዝናብ መታው።” ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፈገግ ይላሉ። ብዙ አይናገሩም። እትዬ የሁለቱንም ድርሻ ስለሚናገሩ ቤቱ አልጎደለበትም።

ነገሩ የተበላሸው ደንቡ ሲወጣ ነው። ከተማችን በብርድ ወራት የምትተነፍሰው አየር ሳይሆን የምታኝከው ጭስ ስለሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በየግድግዳው ወረቀት ለጠፈ። የድንጋይ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ክልክል። እርጥብ እንጨት መሸጥም ማንደድም ክልክል። ከመቶ ሃያ እጅ በላይ ውሃ ያለው እንጨት እርጥብ ይባላል፤ ደረቁ ማኅተም ተደርጎበት ይሸጣል። ከኛ መንገድ ጥግ ደግሞ ምሰሶ ላይ ግራጫ ሣጥን ተሰቀለ፤ አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ መብራት ታበራለች።

እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ሃያ እጅ! ማን ገብቶ ቆጠረው? እኔ በጆሮዬ የማውቀውን በወረቀት ሊያስተምሩኝ ነው?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ፍልጥ ያነሡና እርስ በርስ ያጋጫሉ። ደረቅ “ቃ!” ይላል፤ እርጥብ “ዱፍ” ይላል። ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም።

ተቆጣጣሪው ሁለት ጥርስ ያላት መለኪያ ይዞ የመጣ ቀን ሰፈሩ በእርጥብ እንጨት ተሞልቶ ነበር። የሳቸው ግን አጥንት የመሰለ ደረቅ ነው፤ ምንም የሚፈሩት የለም። ሆኖም ሰፈራቸው በወረቀት ሲሸነፍ ቆሞ ማየት አልሆነላቸውም። ከክምራቸው አንድ ምርጥ ፍልጥ አወጡና በጓሮ አጥር በኩል ለኔ አቀበሉኝ። ተቆጣጣሪው እኔ ቤት ለክቶ ሲወጣ ፍልጡ በጓሮ ወደ ልብስ ሰፊው ተሻገረ። ከልብስ ሰፊው ወደ ጡረተኛው ሹፌር። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቤት ዞረ፤ ዘጠኝ ቤት አሥራ አራት እጅ አሳየ። ዘጠነኛው ቤት ተቆጣጣሪው ፍልጡን ገልበጥ አድርጎ ዘጠኙን የጥርስ ምልክቶች አየ፣ መዝገቡን ዘጋና “ይሄ እንጨት ደክሞታል፣ ወንበር ስጡት” ብሎ ሄደ። እትዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

ያን ሳምንት በግድግዳው በኩል ሌላም ነገር እሰማ ነበር። የጋሼን ሳል። ለዓመታት ስለሳሉ ማናችንም እንደ በሽታ አንቆጥረውም፤ የቤቱ ድምፅ ነበር። ብርዱ ሲበረታ ግን ከውጭ በር እስከ ደጃፋቸው ለመድረስ ሦስት ጊዜ መቆም ጀመሩ። በየማቆሚያው ግድግዳውን ደገፍ ብለው “ግንቡን እያየሁት ነው” ይሉኛል። አንድ ጠዋት በሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ሐኪሙ የተናገረውን እትዬ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ያለወትሯቸው ዝግ ባለ ድምፅ። የጋሼ ሳንባ ከእንግዲህ ጭስ አይችልም። ወይ ጭስ የሌለበት ቦታ ይሂዱ፣ ወይ እዚሁ ይሙቱ። ልጃቸው በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ትኖራለች፤ መጥታ ወሰደቻቸው። እትዬ “መቼ ይመለሳል?” ብለው ሐኪሙን ሲይዙት፣ ያቺን የመንገዳችንን ጥግ መብራት ጠቀሰላቸው። “ሠላሳ ቀን ሳይቋረጥ አረንጓዴ ከሆነ እናስብበታለን።”

የልጃቸው ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ከጋሼ ሌላ ለእትዬ የሚሆን ቦታ የለውም። አርባ አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በአንዲት መብራት ምክንያት ተለያዩ።

ግድግዳው ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ “ምነው ትንሽ ወፈር ባለ!” እያልኩ ያማረርኩበት ግድግዳ ዝም ሲል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንቅልፍ ነሳኝ። እትዬ ለካ ያን ሁሉ የሚናገሩት ለጋሼ ነበር። ድምፃቸው የሚሰማው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ብቻ ሆነ፤ ስልክ ሲደውሉ። እኔም ሳልፈልግ፣ ቆይቼ ደግሞ እየፈለግሁ፣ አዳምጥ ነበር።

“ዛሬ ቢጫ ነው... አዎ። በላህ?... ምድጃውማ ደህና ነው። እህ? ደህና ነው አልኩህ... አይበርደኝም፣ እኔን ምን ይበርደኛል... ሳልክ! ሰማሁህ እኮ! በሩ ነው አትበለኝ፣ በር እንዲህ አይስልም።”

ጋሼ በየቀኑ ስለ ምድጃው ይጠይቃሉ፤ እትዬም በየቀኑ “ደህና ነው” ይላሉ። ስልኩ ሲዘጋ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከዚያ ምንም።

ይህ አሥር ቀን ያህል ቆየ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሚኒስትሯ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ወጡ። የማጭበርበሩ መሪ የነበሩት ሴትዮ የደንቡ ፖሊስ ሆነው መጡ ስላችሁ ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆመው ፍልጥ ከፍልጥ አጋጩ። “ዱፍ። ይሄ ባሌን የሚገድል እንጨት ነው፤ አምጣው!” ልብስ ሰፊው ከነመቀሱ ደንግጦ ሰጣቸው። የጡረተኛውን ሹፌር አንድ ሙሉ ክምር በጋሪ አስወሰዱ። የወሰዱትን ሁሉ በራሳቸው ጣሪያ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው አራርቀው ደረደሩ፤ በያንዳንዱ ላይ የማን እንደሆነና የገባበትን ቀን በጠመኔ ጻፉ። ለባለቤቱ ደግሞ ከራሳቸው ደረቅ እንጨት በምትኩ ሰጡት። በየቤቱ ተንበርክከው ከአናቱ መለኮስን አስተማሩ። “እሳት እኮ ሰው ነው!” ሰፈሩ ሁሉ አብሯቸው “ትንፋሽ ይፈልጋል!” እያለ ይጨርስላቸው ጀመር። ተቆጣጣሪው ሲመጣ መለኪያውን ከኪሱ ሳያወጣ፣ የሳቸውን የጠመኔ ጽሑፍ አንብቦ ይመለሳል።

መብራቷም አረንጓዴ ሆነች።

አንድ ቀን፣ አምስት ቀን፣ አሥር ቀን። ልብስ ሰፊው ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሄዶ ያያታል። ሹፌሩ ከሩቅ ስለማይታየው “ምንድነች ዛሬ?” እያለ ያላፊ አግዳሚውን ሰላም ይነሣል። ሃያ ቀን ሲሞላ ሰፈሩ እርስ በርሱ “እንደምን አደርክ” ማለት ትቶ “አረንጓዴ ናት” መባባል ያዘ። በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ የጋሼን ካፖርት አጥበው አጥር ላይ አሰጡት። እጅጌዎቹን ሁለት ጊዜ ሲያስተካክሉ አየሁ፤ ከዚያ አንዱን እጅጌ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ሊያወሩኝ ዞር ሲሉ ያላየሁ መሰልኩ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉድ መጣሁ።

ሃያ ስድስተኛው ቀን ከባድ ብርድ ነበር። እንጨቴ አልቋል፤ እሳቸውን መለመን አፈርኩ። አንድ ጋሪ ገፊ በደጄ ሲያልፍ እስር እንጨት ገዛሁት፤ ማኅተም አልነበረበትም። እርጥብ መሆኑን አላወቅሁም ብል ውሸቴን ነው። ሲነካ እጅ ያረጥባል። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ብርዱ ብቻ አይደለም። ጭሱ ናፍቆኝ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ቤታችን እንዲያ ይሸት ነበር፤ ሻሿም፣ እጇም፣ ደብተሬም። ለአንድ ጠዋት ብቻ፣ በሬን ዘግቼ፣ ያን ሽታ መልሼ ላገኘው ፈለግሁ። ለኮስኩት። አገኘሁትም። ነፋስ የሌለበት ቀን ስለነበር ጭሱ ሳይበተን መንገዱ ላይ ተኛ።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራቷ ቀላች።

ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ራሱን ይዞ ሲቆም በመስኮት አየሁት። ብዙም ሳይቆይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ገብተው ከጥጉ ሁለት ፍልጥ አንሥተው አጋጩ። ዱፍ።

“ይሄን አልነካሁትም እትዬ” አልኩ። “ገና ዛሬ ነው የገዛሁት። ይደርቃል ብዬ ነው።”

ምድጃዬ ከኋላዬ እንደጋለ ነው፤ ሙቀቱ ጀርባዬን ይፈጀኛል። እሳቸው ምድጃውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “እሺ ልጄ” አሉና ወጡ።

ስድብ ቢያወርዱብኝ በተሻለኝ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የጀመርኩትን ጽሑፍ ልቀጥል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ፤ አንድ ቃል እንኳ አልወጣልኝ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከግድግዳው ማዶ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ትንሽ ዝም፣ ሦስት። ምን እንደሆነ ሲገባኝ ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ።

ሚኒስትሯ ምድጃቸውን እያፈረሱ ነው። የላይኛው ሦስት ረድፍ ወርዷል። ፀጉራቸው በአቧራ ነጥቷል።

“እትዬ፣ ኧረ ይተዉ! ይተዉት! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጨስኩት፣ ዋሽቼዎት ነው!”

“አውቃለሁ” አሉ ሳይዞሩ። “አፍንጫ የለኝም እንዴ?”

“ታዲያ ለምን?”

መዶሻውን አስቀመጡ። “አንተ ያጨስከው ዛሬ ነው። እሱ መሳል ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። ያኔ አንተ እዚህ ሰፈር አልነበርክም። ልብስ ሰፊውም አልነበረም። ታዲያ የማን ጭስ ነው? ይሄን ጥያቄ ሃያ ስድስት ቀን ስሸሸው ነበር። በየሰው ቤት እየዞርኩ ስነካካ የራሴን ቤት ላለማየት ነው። ና ያዝልኝ፣ ከዚህ በታች ብቻዬን አልችለውም።”

መዶሻውን ተቀበልኩ። እኔ እየነቀልኩ፣ እሳቸው ጡቡን እየጠረጉ ይደረድራሉ። እንግዳ እንደሚያስተዋውቁ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የትምህርት ቤቱ... የባንኩ...” ይላሉ። የሆስፒታሉ ላይ ሲደርሱ ስም አልጠሩም። የመጨረሻው ረድፍ ሲነሣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ታየ። ከወለል እስከ ጣሪያ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ከግድግዳው ማዶ መኝታ ቤታቸው ነው። ሄደን አልጋውን ሳብ አደረግነው። ጥቀርሻው ማዶ የወጣው ከጋሼ ትራስ በላይ ነበር።

እትዬ እጃቸውን ስንጥቁ ላይ አደረጉ። “ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ከዚያ ስቆሰቁስ ወደዚህ ነበር የሚመጣው” አሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀመረ። ማን መብራቷን እንዳቀላት ሰፈሩ ሲጠይቅ እትዬ “ምድጃዬ ነው፣ አፈረስኩት” አሉ፤ ስሜ አልተነሣም። ልጃቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላከችላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካካ ነገር አጡ። “ምኑ ይቆሰቆሳል? አንድ ቁልፍ ብቻ!” እያሉ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ለጋሼ ግን ምንም አልነገሩም። አሥር ሰዓት ላይ ግድግዳው “ምድጃውማ ደህና ነው” ይላል፤ እኔ ከዚህ ማዶ እየሰማሁ መሬት ዋጪኝ እላለሁ።

ሠላሳው ቀን ሞላ፤ ሐኪሙም እሺ አለ። ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በአውቶቡስ ደረሱ። ሻንጣቸውን እኔ ተሸከምኩ። ከውጭ በር እስከ ደጃፉ አንድም ጊዜ አልቆሙም፤ እንዲያውም ስለ መንገዱ ያወሩኝ ነበር፣ ጋሼ! እትዬ ከኋላችን ዝም ብለው ይከተላሉ። ሲገቡ ባዶው ጥግ ፊት ለፊት ተደቀነ። ወለሉ ላይ የምድጃው ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ቀርቷል።

“ማነው ያፈረሰው?” አሉ ጋሼ።

አፌን ከፈትኩ።

“እኔ ነኝ” አሉ እትዬ ቀድመውኝ። “ብቻዬን። በየቀኑ ስትጠይቀኝ ደህና ነው እያልኩ ዋሸሁህ። ናፍቆሃል ብዬ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?”

ጋሼ የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። ከሥሩ ሁለት ሹራብ ደርበው ነበር፤ ቀዝቃዛ ቤት እንደሚገቡ አስበው የመጡ ይመስላሉ።

“ስልክ ላይ ማውራት አልችልበትም፤ ታውቂያለሽ” አሉ። “ስለ ምድጃው ካልጠየቅሁ ስልኩን ትዘጊዋለሽ። እኔ ምድጃ ናፍቆኝ መሰለሽ?”

ሻንጣውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።